የራምቦ ጉልበት፣ የአያቴ ዳሌ

አያቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉልበቷን ቅባት ስትቀባ ከርማ በመጨረሻ የታመመው ዳሌዋ ሆኖ ተገኘ። ቀልድ አይደለም። ከሳቢያን ቀፊራ ገበያ ድረስ በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሴትዮ ነበረች፤ በኋላ ግን ባጃጅ በር ላይ ካልመጣ አልወጣም አለች። ቀኝ ጉልበቴን ይወጋኛል ትላለች፣ እኛም ጉልበቷን እናሻለን። የጉልበቷ ራጅ ተነሳ፤ ለዕድሜዋ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ አንድ ወጣት ሐኪም አስተኝቷት፣ ጉልበቷን አጥፎ እግሯን ከዳሌዋ ወደ ውስጥ ሊያዞረው ሲሞክር እግሯ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አያቴም ጮኸች። የዳሌዋ ራጅ ሲታይ በጭን አጥንቷ ራስና በጎድጓዳው መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት አልቋል። ክፍተት የሚመስለው ቦታ ባዶ አይደለም። ራጅ ላይ የማይታየው ካርቲሌጅ፣ ልም አጥንት የሚባለው ነገር፣ የሚቀመጥበት ነው።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለ እግር አካሄድ ሳነብ አንድ የማውቀው ስም ላይ ወደቅሁ፦ አርተር ራምቦ። (የፊልሙን ራምቦ ያሰባችሁ ይቅርታ፣ ይሄኛው ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው።) ሐረር ሄዶ የራምቦን ቤት ያላየ የድሬ ልጅ የለም። ለነገሩ ያ የሚያምር ባለ ባለቀለም መስታወት ቤት አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ እሱ ኖሮበታል ብሎ ለመማል ይከብዳል። እኔም ከትምህርት ቤት ጋር ሄጄ ፎቶ ተነስቼ ተመልሻለሁ። ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር የዚህ ሰው ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእግር ታሪክ መሆኑ ነው። መጨረሻው ደግሞ በእኛ ሰፈር በኩል ነው ያለፈው።

ራምቦ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ሻርልቪል በምትባል ከተማ ነው። ዓለም የሚያውቀውን ግጥም ሁሉ የጻፈው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው፤ ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆን እርግፍ አድርጎ ተወው። ለምን ተወው በሚለው ላይ ስንት መጽሐፍ ተጽፏል፣ እኔ አልገባበትም። ያልተወው ነገር መራመድ ነው። በልጅነቱ ከቤት ጠፍቶ ቤልጅየም በእግሩ ሄዷል። በ1878 መገባደጃ የጎትሃርድን ተራራ በበረዶ ውስጥ በእግሩ ተሻግሮ ጣሊያን ገብቷል። ከዚያ ቆጵሮስ፣ ከዚያ ኤደን፣ በ1880 መጨረሻ ደግሞ አልፍሬድ ባርዴ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ባልደረባ የሆነበት ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር። ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ሥራው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ መግዛትና ወደ ባሕር መላክ ነው።

በ1886 እና 1887 ደግሞ የራሱን ዕድል ሞከረ። ከታጁራ ተነስቶ ከሁለት ሺህ በላይ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ወጣ። አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፤ ሐረርን ሊይዙ ዘምተዋል። እንጦጦ ላይ ሲያገኛቸው ዋጋው ወረደ፣ የሞተ ሸሪኩ ዕዳም በእሱ ላይ ወደቀ። ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁና ይህን ንግድ በወረቀት ለማስላት ሞክሬ ነበር፤ አላዋጣም፣ በየትኛውም መንገድ አላዋጣም። ከእንጦጦም ሐረር የተመለሰው ያው እንደልማዱ መንገድ ላይ ውሎ መንገድ ላይ እያደረ ነው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ለማረፍ ካይሮ ሄደ። ከዚያ ለቤተሰቡ የጻፈውን ሳነብ ነው አያቴ ትዝ ያለችኝ። ገና 33 ዓመት አልሞላውም። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ወገቡን ቁርጥማት ይዞታል፣ ግራ ጭኑ አልፎ አልፎ አልንቀሳቀስ ይለዋል፣ ግራ ጉልበቱ መገጣጠሚያው ላይ ያመዋል። በዚህ ላይ ገንዘቡን የሚያምነው ሰው ስላጣ ከ16 ሺህ ፍራንክ በላይ ወርቅ በመቀነቱ ታጥቆ ነው የሚሄደው። ክብደቱ ስምንት ኪሎ ያህል ነው።

እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለአፍታ በአንድ እግር ብቻ እንቆማለን። በዚያች አፍታ ሰውነታችን እግሩ ወደተነሳበት ወገን እንዳይዘም የሚይዙት በቆመው ዳሌ ጎን ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። እንደ ድሮ ሚዛን አስቡት። ጡንቻዎቹ ከመገጣጠሚያው ያላቸው ርቀት አጭር ነው፣ የሰውነታችን ክብደት ያረፈበት ክንድ ግን ረጅም። አጭሩ በኩል ያለው ሚዛኑን ለመጠበቅ ከክብደቱ በላይ መጎተት አለበት። የጡንቻው ጉተታና የሰውነቱ ክብደት ሁለቱም የሚያርፉት ያችው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ስለዚህ ዝም ብለን ስንራመድ አንድ ዳሌ የሚሸከመው ከክብደታችን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። 60 ኪሎ የምትመዝን አያት በእያንዳንዱ እርምጃ 150 ኪሎ። የራምቦ ስምንት ኪሎ ወርቅም ዳሌው ላይ ሲደርስ ሃያ ኪሎ ገደማ ነው። ባንክ ያለመኖር ዋጋ እንዲህም ይከፈላል።

ይህን ሁሉ ጫና የሚችለው ያ ልም አጥንት ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የሚያንሸራትት፣ የራሱ የደም ሥርም ነርቭም የሌለው ሽፋን ነው። ነርቭ ስለሌለው መጎዳት ሲጀምር ዝም ይላል። የሚጮኸው በኋላ፣ ከሥሩ ያለው አጥንትና ዙሪያውን ያሉት ሽፋኖች ሲነኩ ነው። ጩኸቱም ከቦታው ላይሰማ ይችላል፤ ከዳሌ የሚነሱት ነርቮች ከጉልበት ነርቮች ጋር የሚጋሩት መንገድ ስላለ አእምሮ የዳሌን ሕመም ጉልበት ነው ብሎ ያነበዋል። አያቴ አልዋሸችም ማለት ነው።

የዳሌ ልም አጥንት ሲጎዳ አካሄድ የሚለወጠው ዳሌ ላይ ብቻ አይደለም። ጤነኛ ሰው ሲራመድ ጭኑ ከሰውነቱ ወደ ኋላ 10 ዲግሪ ገደማ ይዘረጋል። የታመመ ዳሌ ይህን ዝርጋታ ይነሳል። እግር ወደ ኋላ ካልቀረ እርምጃ ያጥራል። ቁርጭምጭሚትም መሬቱን ገፍቶ ሰውነትን ወደፊት የሚወረውርበትን ቦታ ያጣል፤ ጉልበት በትክክል ሳይዘረጋ ይሄዳል፤ የጎደለውን ወገብ ይከፍላል፣ እየተቀለሰ። ሰውየው በታመመው እግር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ በቆመባት ቅጽበትም ትከሻውን ወደታመመው ወገን ይጥላል። እኛ ይህን ማነከስ እንላለን፤ ሰውነቱ ግን የሚሠራው ሒሳብ ነው። ክብደቱን ወደ መገጣጠሚያው ሲያቀርብ የሚዛኑ ረጅም ክንድ ያጥራል፣ ጡንቻው የሚጎትተው ይቀንሳል፣ ዳሌው ትንሽ ይተነፍሳል። ምርኩዝም በታመመው ተቃራኒ እጅ የሚያዘው ለዚሁ ነው። እኛ ቤት በሞቴ ብለን ያስያዝናት በታመመው በኩል ነበር፤ ለሁለት ወር ማለት ነው።

ወደ ራምቦ። ከ1888 ጀምሮ ሐረር የራሱን ንግድ ከፈተ፣ የኤደኑ ነጋዴ ሴዛር ቲያን ሸሪኩ ነበር። የከተማዋ ገዥ ራስ መኮንን ናቸው፣ ይግባባሉ፣ ይነጋገዳሉ። አኗኗሩ ራሱ በኋላ እንደተረከው ነው፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው የሐረር ብርድ በስስ ሱሪና በጥጥ ሸሚዝ፣ በቀን ከ15 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በእግር፣ በዚያ ላይ ገደላገደሉን በፈረስ። ከድሬ ሐረር በሚኒባስ ወጥታችሁ የምታውቁ ያንን መሬት ታውቁታላችሁ።

የ1891 መጀመሪያ (በእኛ 1883 ዓ.ም.) ቀኝ ጉልበቱ ላይ ከሎሚው ሥር በመዶሻ ቀስ ብሎ እንደመመታት ያለ ነገር ጀመረው። መገጣጠሚያው የደረቀ ይመስለዋል። ቀጥሎ በጉልበቱ ዙሪያ የደም ሥሮች ሲያብጡ የእግር ደም ሥር መወጠር ነው ብሎ አሰበ። ነፋስ መቶኝ ይሆናል ብሎም የበለጠ ተራመደ። የካቲት ላይ ለእናቱ ጽፎ ለዚህ የሚሆን የሚለጠጥ ካልሲ እንድትልክለት ጠየቀ፤ እግሩ ረጅምና ቀጭን መሆኑን፣ ጫማው 41 ቁጥር መሆኑን ሳይቀር ነገራት። ከፈረንሳይ ሐረር ካልሲ እስኪመጣ! ሕመሙ ግን አልጠበቀም። በእያንዳንዱ እርምጃ ከጎን ሚስማር የሚሰነቀርበት ያህል ሆነ። በፈረስ ወጥቶ ሲወርድ አንካሳ ሆኖ ነው። ሕመሙ ወደ ታች ቁርጭምጭሚቱን፣ ወደ ላይ ወገቡን ያንቀጠቅጠዋል። አሸው፣ አሰረው፣ አጠበው። እኛም እኮ ያንኑ ነው ያደረግነው።

በመጋቢት አጋማሽ ተኛ። አልጋውን ያስቀመጠው ከገንዘብ ሣጥኑና ከመስኮቱ መካከል ነው፤ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሚዛኖች ተኝቶ እንዲያይ። ሠራተኛ ጨምሮ ቀጠረ። ጉልበቱ እንደ ኳስ አበጠ፣ ጭኑና ባቱ ከሱ፣ የጉልበቱ ሎሚ አልንቀሳቀስ አለ። በስምንት ቀን ውስጥ እግሩ በሙሉ እንጨት ሆነ።

ጉልበት ከደረቀ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ቤታችሁ ውስጥ ሞክሩት። አንድ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ተራመዱ። እግራችሁ በድንገት ይረዝምባችኋል፤ መሬት እንዳይጎትት ወይ ዳሌያችሁን ወደ ላይ ማንሳት፣ ወይ እግሩን ከጎን በግማሽ ክብ ማዞር አለባችሁ። አንዱ መገጣጠሚያ ሥራ ሲያቆም ደመወዙን የሚከፍለው ጎረቤቱ ነው። የአያቴ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ የራምቦ ከታች ወደ ላይ ወጣ።

በመጋቢት መጨረሻ በጥቂት ቀን ውስጥ ያለውን ሁሉ በኪሳራ ሸጠ። እጁ ላይ የቀረው 37,450 ፍራንክ ነው። በቅሎም ግመልም ስለማይችል መጋረጃ ያለው ቃሬዛ አሠራ፣ 16 ተሸካሚ ቀጠረ፣ ሚያዝያ 7 ቀን ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሐረር ወጣ። መድረሻው ዘይላ፣ የባሕሩ ወደብ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የመጀመሪያው ቀን ከኤጎን ወደ ባላዋ ያለው ቁልቁለት ነው። ተሸካሚዎቹ በየድንጋዩ ይደናቀፋሉ፣ እሱ በየደቂቃው ሊገለበጥ ይደርሳል። ቃሬዛው ገና ከመነሻው ግማሹ ተፈታቷል። በቅሎ ልሞክር ብሎ የታመመ እግሩን ከበቅሎዋ አንገት ጋር አስሮ ወጣ። በቅሎ ላይ ለመቀመጥ ዳሌ መከፈት፣ ጉልበት መታጠፍ አለበት፤ የእሱ ሁለቱንም እምቢ ያለ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ወርዶ አንድ ኪሎ ሜትር ወደኋላ የቀረውን ቃሬዛ ጠበቀ። ሌሊቱን ዝናብና ነፋስ።

በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 8፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ጀልዴሳ ገባ። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ያኔ ግን ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የለችም፤ ባቡሩ መጥቶ ከተማችንን የወለዳት ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1902 ነው። ጀልዴሳ ነበረች በሩ፦ ቀረጥ የሚከፈልባት፣ ከባሕር የመጣ የግመል ጭነት ወደ ደጋ ለሚወጣ በቅሎና አህያ የሚገለበጥባት። ባቡሩ ሲመጣ ንግዱ ወደ እኛ ዞረ፣ እሷ ቀረች። ራምቦ 11 ዓመት ዘግይቶ ቢታመም ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ከለገሃር ተሳፍሮ ጅቡቲ ይደርስ ነበር። በሽታው ባይተወውም መንገዱ ይተወው ነበር።

ከጀልዴሳ በኋላ ወርጂ የሚባል ቦታ ላይ ቃሬዛው ከግመሎቹ ቀድሞ ደረሰ። ግመሎቹ አልመጡም። ድንኳኑም ስንቁም እነሱ ላይ ነው። 16 ሰዓት ያለማቋረጥ ዘነበበት፣ አንድ ቆዳ ለብሶ፣ መዞር እንኳ ሳይችል። ሳይበላ 30 ሰዓት ቆየ። ማታ ማታ ካስቀመጡት ቦታ አይንቀሳቀስም፤ ድንኳኑን እላዩ ላይ ይተክሉለታል፣ ጠዋት ይነቅሉለታል። ለመጸዳዳት በቃሬዛው ጠርዝ በእጁ ጉድጓድ ይቆፍርና በመከራ ወደ ጎን ይዞራል፣ አፈር ይመልስበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማስታወሻ ይዟል፤ ሰዓት፣ የቦታ ስም፣ ዝናብ። እና ቅጣት፦ አንድ ቀን ሲያወርዱት መሬት ላይ ስለጣሉት አራቱን ተሸካሚዎች አንድ አንድ ማርትሬዛ ብር ቀጣቸው፤ ስማቸውን ጽፏል።

ዘይላ አራት ሰዓት ብቻ አረፈ፣ ከነቃሬዛው መርከብ ላይ ተሰቀለ፣ ሦስት ቀን ሳይበላ ኤደን። የእንግሊዝ ሐኪሙ ጉልበቱን እንዳየ አደገኛ እብጠት መሆኑን ተናገረ፤ መቁረጥ አሰበ፣ ቆየ፣ በመጨረሻ ወደ አውሮፓ ሂድ አለው። የእናቱ ሁለት ካልሲዎችም ደረሱት፣ ካልሲ ምንም የማያደርግበት ጊዜ ላይ።

ግንቦት 20 ማርሴይ ደረሰ። ኮንሴፕሲዮን የሚባለው ሆስፒታል ገባ፣ በቀን አሥር ፍራንክ እየከፈለ። ግንቦት 27 ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ካንሰር ነበር። ከቀናት በኋላ ለራስ መኮንን ደብዳቤ ጻፈ፤ እግሩ መቆረጡን ነገራቸው፣ በጥቂት ወራት ተመልሶ እንደ ድሮው እንደሚነግድ አስታወቃቸው።

እግሩ የተቆረጠው በጣም ከፍ ብሎ፣ ከጭኑ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀረው ጭን አጭር ሲሆን ዳሌ የሚይዘው እጀታ ያጥራል፤ የእንጨት እግር ወደፊት የሚወረውረውም፣ ሚዛን የሚጠብቀውም ያችው ዳሌ ብቻዋን ናት። ሚዛኑን መጠበቅ አቃተው። የእንጨት እግር ሞከረ፣ ቁስሉ አበጠ፣ ተወው። በክራንች መሄድ ምን እንደሚመስል ለእህቱ ለኢዛቤል የጻፈላት ከግጥሞቹ ይልቅ እኔን ነክቶኛል፦ አንገቱና ትከሻው ወደፊት ወድቆ እንደ ጎባጣ መሄዱን፣ ሰው ሲያልፍ ይጥለኛል ብሎ መንቀጥቀጡን፣ ከአምስት ወር በፊት ተራራ የሚወጣ ሰው እንደነበረ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይራመድ የነበረ ሰው ነው።

በሐምሌ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ እርሻ ሄደ፣ በወሩ ተመልሶ መጣ። ወደ ሐረር ለመሳፈር ቅርብ ልሁን ብሎ ነው። ጥቅምት ላይ በዳሌውና በሆዱ መካከል ትልቅ እብጠት ወጥቶ ነበር፤ ከጉልበት የጀመረው እዚያ ደረሰ። ኅዳር 9 ለመርከብ ኩባንያ ኃላፊ ደብዳቤ ለእህቱ አስጻፈ፤ ሙሉ በሙሉ መንቀሳቀስ የማይችል መሆኑን ገልጾ በስንት ሰዓት ተሸክመው መርከብ እንደሚያስገቡት እንዲነግሩት ጠየቀ። በማግሥቱ ሞተ፣ በ37 ዓመቱ። ለሐረሩ አገልጋዩ ለጃሚ ሦስት ሺህ ፍራንክ ትቶለት ነበር። ገንዘቡ ሲደርስ ጃሚም ሞቶ ስለነበር ለወራሾቹ ተሰጠ።

ይህን ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ለአያቴ ነገርኳት። ዳሌዋን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስቀየር እንደሚቻል ሐኪሙ ነግሯታል፤ አዲስ አበባ መሄድ፣ ብዙ ገንዘብ፣ እሷም መጀመሪያ እምቢ፣ አሁን ደግሞ እናያለን ላይ ናት። እኔ የነገርኳት፣ እውነት ለመናገር፣ ሰውዬው ዘግይቶ እንደተነሳ ሰምታ እሺ እንድትለኝ ነበር። ካንሰርና ያለቀ ዳሌ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ግን አልኩ ይሁን።

እሷ ስለ ራምቦ ብዙ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስለ አሥራ ስድስቱ ሰዎች ነው። ያን ቁልቁለት ሰው ተሸክመው ሲወርዱ የእነሱ ጉልበት እንዴት ሆነ አለችኝ። ሒሳባቸው ተከፈላቸው ወይ አለችኝ። አራቱ አንድ አንድ ብር እንደተቀጡ ስነግራት ምርኩዟን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ አዛውራ ተነሳች፣ ሰውዬውን እያማች፣ ቡና ልታፈላ።